ባቡር የተለየው ጣቢያ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። በአንድ ካሜራና ከየደመወዛችን ባጠራቀምነው ጥቂት ገንዘብ ስላሸር የሚባለውን ዓይነት፣ ማለትም አንድ ገዳይ በስለት ሰዎችን እያሳደደ በየተራ የሚጨርስበትን ፊልም ለመሥራት አስበናል። ታሪኩ የሚፈጸመው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የቀድሞው ባቡር ጣቢያ ነው። ከመካከላችን አንዱ ግን «ሰው የሌለበት ቦታ የሚመረጠው ገንዘብ ሲያጥር ብቻ ነው፤ ተመልካቹም ጠግቦታል» እያለ ይሟገተናል። እውነት አለው?

መልስ፦ ስለ ገንዘቡ የተናገረው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» በ550,000 ዶላር ገደማ የተሠራው በኒው ጀርሲ ግዛት በሚገኝ እውነተኛ የስካውት ካምፕ ውስጥ ነው፤ ጎጆውም ሐይቁም ጫካውም ተዘጋጅቶ ስለ ጠበቃቸው ቤት መሥራት ወይም መንገድ ማዘጋት አላስፈለጋቸውም። ፊልሙ በአሜሪካ ብቻ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ሲያስገባ ሌሎች አዘጋጆችም ካሜራቸውን ይዘው ጫካ ገቡ። አብዛኞቹ ዛሬ የማይታወሱት፣ እኔ እንደማምነው፣ ከዚያ ፊልም የቀዱት የቦታውን ባዶነት ብቻ ስለ ነበር ነው።

ባዶ ቦታ ባዶ ስለ ሆነ ብቻ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ሰው ኖሮበት የተለየው ቦታ ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ወጪ በሠራው «ሳይኮ» ሞቴሉ እንግዳ ያጣው አውራ ጎዳናው በሌላ በኩል ስለ ተቀየሰ ነው፤ ባለታሪኳ ሴትም እዚያ የደረሰችው በዝናብ ሌሊት ዋናውን መንገድ ስታ ነው። ቶብ ሁፐር በ1974 ባወጣው «ዘ ቴክሳስ ቼይንሶ ማሳከር» ማደያው ነዳጅ የለውም፤ የገዳዮቹ ቤተሰብ በቄራ ሥራ የኖረ ሲሆን፣ በአዲስ የማረጃ መሣሪያ ምክንያት ሰዎች ከሥራ መውጣታቸውን ከአንዱ አፍ እንሰማለን። የ«ፍራይደይ» ካምፕም አንድ ልጅ ሰጥሞ ከሞተና ግድያ ከተፈጸመ በኋላ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ነው። በሦስቱም ፊልሞች ሰው ለምን እንደ ጠፋ ተመልካቹ ያውቃል፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚያው ምክንያት ነው።

ለእናንተ ይህ ምክንያት ከደጃችሁ አለ። ድሬዳዋ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች የባቡር ከተማ ናት፤ መስመሩ በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላም መካከለኛ መናኸሪያው ሆና ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን የራሱን ሐዲድ ይዞ መጣ። በልጅነቴ በአሮጌው መስመር ስጓዝ ባቡሩ ሌሊት በቆመ ቁጥር ፋኖስ አንጠልጥለው ከጨለማው የሚወጡ ሻጮች ድምፅ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ዛሬ ከእነዚያ ጣቢያዎች በአንዱ ቆሜ ጸጥታውን ስሰማ የሚከብደኝ ያ ድምፅ ስለ ሌለበት ነው። ስለዚህ ገዳዩ ከመታየቱ በፊት የቀድሞውን ሕይወት አሳዩ፤ በብዙ እጅ የለሰለሰ የትኬት መስኮት ደፍ ወይም በኖራ የተጻፈና ያልተሰረዘ የመነሻ ሰዓት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ግቢውንም በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አስጎብኙን፤ የውኃ ማጠራቀሚያው ከመጋዘኑ ምን ያህል እንደሚርቅና የትኛው በር እንደማይዘጋ አስቀድመን ካላወቅን፣ ማታ ልጅቷ ስትሮጥ ወዴት እንደምትሮጥ ስለማናውቅ አንፈራላትም።

ሙቀቱንም እንደ ችግር አትዩት። የሁፐር ፊልም የተቀረጸው በ1973 የቴክሳስ በጋ ነበር፤ የእራቱን ትዕይንት መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው ከ24 ሰዓት በላይ ሳያቋርጡ ሲቀርጹ በዚያ የታፈነ ክፍል ውስጥ የተዋናዮቹ ድካም የምር ሆኖ ነበር፤ ፊቶቻቸውም ይመሰክራሉ። የድሬዳዋ ሰው ደግሞ ከቀትር በኋላ ሱቅ ሲዘጋና መንገዱ ጭር ሲል ያውቀዋል። የሌሊት መብራት ገንዘብ ይበላልና በዚያ ሰዓት ቅረጹ፤ ከጠራራ ፀሐይ የሚመጣ ገዳይ መሸሸጊያ ጥላ እንኳ አይተውም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ይህ የፊልም ዓይነት ከከተማ የመጡትን ንጹሕ፣ የገጠሩን ነዋሪ አውሬ አድርጎ የመሳል ክፉ ልማድ አለው። በሐዲዱ ዳር የሚኖሩት አርብቶ አደሮች ለመንገደኛ ወተት የሚሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ገዳያችሁን ከእነርሱ መካከል አታውጡት። ከጣቢያው ታሪክ ይውጣ፤ ከአራታችሁ አንዱ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ለቀረጻውም ከሚመለከተው ክፍል ፈቃድ ሳትይዙ ወደ ግቢው አትግቡ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው ሞባይል በያዘበት ዘመን እርዳታ የሚያጣ ማን ነው? «ኔትወርክ የለም» የሚለውስ አልሰለቸም? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የሚያሰለቸው ችግሩ ልክ በተፈለገበት ቅጽበት ሲመጣ ነው። በመኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ የተተወ ስልክ በሙቀት ራሱን እንደሚያጠፋ የእርስዎ ከተማ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ይህን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ማንም ሳይጨነቅ፣ በሰላሙ ጊዜ ያሳዩ። ከዚህ የሚሻለው ግን ስልኩ ሲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በ325,000 ዶላር ገደማ በተሠራው «ሃሎዊን» ታሪኩ የሚፈጸመው በበረሃ ሳይሆን በሰፈር መካከል ነው፤ ልጅቷ እየጮኸች የጎረቤት በር ስትደበድብ መብራቱ ይበራል፣ አንድ ሰው በመስኮት አጮልቆ ያያል፣ ከዚያም መብራቱ ይጠፋል። ያን ትዕይንት ባሰብኩት ቁጥር ከስለቱ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ያ መብራት ነው። በእርስዎም ፊልም ጥሪው ይነሣ፤ ያነሣው ሰው «መጣሁ» ይበል፤ መንገዱ ግን የአንድ ሰዓት ተኩል ይሁን። ከዚያ ወዲያ ተመልካቹ ራሱ ደቂቃ መቁጠር ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ። ገዳዩን ጅብ ባደርገውስ?

መልስ፦ ጅብ የራበው እንስሳ ነው እንጂ ቂም የለውም፤ ስላሸር ደግሞ ያለ ቂመኛ ሰው አይቆምም። በዚያ ላይ በሐረር ጅብ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ከሰው እጅ ሥጋ የሚቀበል ጎረቤት ስለ ሆነ፣ የከተማዎ ተመልካች አይፈራውም። ይህን መላመድ ግን ይጠቀሙበት። የጀጎል አምስቱ ጥንታዊ በሮች በቀድሞ ዘመን ሲመሽ ይዘጉ ነበር። አንድ ነጋዴ ዘግይቶ ደርሶ በሩ ይዘጋበት፤ ከግንቡ ሥር ተጠግቶ ጅቦቹ በዙሪያው ሲተኙ ይልመዳቸው፣ እንዲያውም ያጽናኑት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሌላ የዘገየ መንገደኛ ከጨለማው ሰላምታ እያቀረበ ሲመጣ፣ ጅቦቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ይሂዱ።