መልስ፦ የሆረር ፊልም አቅራቢነት እንጀራ ይሆናል ወይ?
ወንድሜ፣ ድሮ አሜሪካ የከተማ ቲቪ ላይ ሆረር (አስፈሪ) ፊልም በመሃል እየገቡ እያወሩ የሚያቀርቡት ሰዎች በዛ ብቻ ይኖሩ ነበር ወይ ላልከው፣ ብዙዎቹ እዛው ጣቢያ ሌላ ሥራ ነበራቸው፣ አናውንሰር ምናምን። እኔ በጣም የምወደው ኧርኒ አንደርሰንን ነው፣ እኤአ ከ1963 እስከ 1966 ክሊቭላንድ ቻናል 8 ላይ አርብ ማታ ጉላርዲ በሚል ስም ይቀርብ ነበር፣ የውሸት ፂም ለጥፎ፣ አንዱ መስታወት የወለቀ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ። ፊልሞቹ ርካሽ ናቸው፣ ሰው የሚያመሸው እሱን ብሎ ነው፣ ተመልካች የላከለትን ነገር በርችት ያፈነዳል ያውም ስቱዲዮ ውስጥ! በኋላ ሎስ አንጀለስ ሄደ፣ እንጀራው የሆነው ግን ድምፁ ነው፣ ለብዙ ዓመት የኤቢሲ (የአሜሪካ ትልቅ የቲቪ ኔትወርክ) ማስታወቂያ ድምፅ እሱ ነበር። ልጁ ዳይሬክተሩ ፖል ቶማስ አንደርሰን የፊልም ካምፓኒውን በጉላርዲ ስም ነው የሰየመው፣ ይሄን ሳስብ ሁሌ ደስ ይለኛል።