ሶፍት የበላው አላይነር

ጥያቄ፦

ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የድሬ ልጅ ነኝ፣ ከዚራ ነው ቤታችን። የፊት ጥርሶቼ ተደራርበው ስለነበር ከሦስት ወር በፊት አዲስ አበባ ሄጄ አላይነር ጀመርኩ፣ ያ እንደ መስታወት ጥርት ያለው፣ ጥርስ ላይ በተራ በተራ የሚጠለቀው ፕላስቲክ። በጠቅላላው 24 ነው። በየ10 ቀኑ እየቀየርኩ 9 ቁጥር ላይ ደርሼ ነበር። ባለፈው እሑድ ሐረር የዘመድ ሠርግ ነበረን። ኬዙን ቤት ረስቼዋለሁ። ምሳ ሲቀርብ የላዩንም የታችኛውንም አውልቄ ለየብቻ በሶፍት ጠቀለልኩ። የታችኛውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የላዩን ልከት ስል ሰው ሰላም አለኝ፣ ሳህኔ አጠገብ ተውኩት። ዞር ስል ጠረጴዛው ተነስቷል። ከጀመርኩት ገና አራተኛ ቀኑ ነበር አቦ! ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ የላይ ጥርሴ ሁለት ቀን ባዶውን ነው። ጓደኛዬ «10ን አድርጊው» ትላለች። ቀጠሮዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ እኔ እስከዚያ ልጠብቅ ብዬ ነበር። 8 ቁጥር ቤት አለ፣ ከዚያ በፊት ያሉትን ጥያቸዋለሁ። የከፈለችልኝ እናቴ ናት፣ እስካሁን አልነገርኳትም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ታትሞ እስኪወጣ ጥርስሽ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ መልሱን በደረሰኝ ዕለት በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። እዚህ የማወጣው ነገ ያንቺ ዕጣ ለሚደርሳቸው ነው። ብዙ ናቸው። ሶፍት የስንቱን አላይነር በልቷል!

የላኩልሽ አጭር ነበር፦ «አሁኑኑ 8ን አድርጊ፣ ከዚያ ለሐኪምሽ ደውዪ።» ሰው የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ይደነግጣል። ቀጥሎ ያፍራል። ከዚያ «እስከ ቀጠሮዬ ልታገሥ» ይላል። የጠፋው ፕላስቲክ ይተካል። ዋጋ የሚያስከፍለው ጥርሱ ባዶውን የሚያድርበት ሌሊት ነው።

ጥርስ እንደ ችካል አጥንት ውስጥ የተቸከለ ይመስለናል። አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ስስ ጅማት አለ፣ ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ። አንድ አላይነር ጥርስን የሚገፋው ደግሞ 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ልኩ ዝም ብሎ የመጣ እንዳልሆነ ታያለሽ። ጥርሱ ሲገፋ በፊቱ ያለው አጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቃል፣ ከኋላው አዲስ አጥንት ይሠራል። ይህ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። በአራተኛው ቀን ገና መጀመሩ ነው። ግፊቱን ስታነሺለት ጥርሱ ወደ ለመደው ቦታ ይመለሳል፣ የተለጠጠ ላስቲክ ሲለቀቅ እንደሚሰበሰበው።

ለዚህ ነው ከጓደኛሽ ጋር የማልስማማው። ከ8 ወደ 10 መዝለል ሁለቱን ደረጃ ባንዴ መውጣት ነው። 9ን ስምንት ዘጠኝ ቀን አድርገሽው ቢሆን ኖሮ ሐኪምሽ «በቃ ወደ 10 እለፊ» ሊልሽ ይችል ነበር። በአራተኛው ቀን ግን መንገዱ ወደ ኋላ ነው። 10ን በግድ ብታስገቢው መስታወት ፊት ቁሚና እዪው፦ በጥርስሽ ጫፍና በፕላስቲኩ መካከል ክፍተት ይቀራል፣ ስትነክሺ ከፍ ዝቅ ይላል። እንዲያ የተቀመጠ አላይነር ጥርሱን በትክክል አይዝም፣ የሚቀጥሉትም ሁሉ እየተዛነፉ ይሄዳሉ። አላይነሩ ቆንጥጦ እንዲይዝ ሐኪሙ ጥርስሽ ላይ የለጠፋቸው ትንንሽ ጉብታዎችም ሊነቀሉ ይችላሉ። ለእነሱ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊኖርብሽ ነው።

8 ሲገባ ጥብቅ ይልብሻል። ሁለት ቀን ባዶ ነበርሽና የመጀመሪያው ሌሊት ቢያምሽ አይግረምሽ። ጨርሶ እምቢ ካለ ግን አትታገዪው። ያኔ 7ን ሞክሪ እልሽ ነበር፣ አንቺ ጥለሽዋል። ሌሎቻችሁ ልብ በሉ፦ ያለፉትን ሁለት ሦስቱን አስቀምጧቸው። የታችኛውን 9 እንደያዝሽው ቀጥዪ። ቀኑ ሲደርስ ግን ሐኪምሽን ሳትጠይቂ ወደ 10 አትቀይሪው፣ ላይና ታቹ ተራው ይለያይብሻል።

ለሐኪሙ «ጠፋብኝ፣ ምን ላድርግ» ብቻ ብለሽ አትጻፊ። 8ን አድርገሽ፣ ጥርስሽን ገጥመሽ፣ ሦስት ፎቶ አንሺ፦ ፊት ለፊት፣ ቀኝ፣ ግራ። በመስኮት ብርሃን ይሁን፣ የስልኩ ፍላሽ ፕላስቲኩን ያብለጨልጨዋል። ከሥሩ እንዲህ በዪ፦ «የላይ 9 በአራተኛው ቀን ጠፋ። ሁለት ቀን ባዶ ነበርኩ። አሁን 8 ላይ ነኝ፣ እስከ መጨረሻ ገብቷል።» ይህ ለሐኪም ወርቅ ነው። ከዚያ ውሳኔው የሱ ነው። የጥርስሽ ቅርጽ ኮምፒዩተር ላይ ስላለ 9ን እንደገና ሊያሠራልሽ ይችላል። ወይም 8 ላይ ጥቂት ቆይተሽ 10ን ከወትሮው ረዘም አድርገሽ ታደርጊያለሽ። ጥርሱ በጣም ከተንቀሳቀሰ ብቻ ነው እንደገና ለመለካት የምትሄጂው። ምትኩ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ውጭ አገር የሚታዘዝ ከሆነ ይቆያል። አዲስ አበባ ሲደርስ በሰው ይላክልሻል፣ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው።

የእህት ወይም የጓደኛ አላይነር ልዋስ የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። የሌላ ሰው መነጽር እንኳ ከዚህ ይሻላል። የተሰነጠቀን በሱፐር ግሉ ማጣበቅም አይሆንም፣ አፍ ነውና።

ስለጠፋው፣ ሠርግ ቤት ደውለሽ ከሆነ ጥሩ። ቆሻሻው ማታ ከወጣ ግን ተስፋ ቁረጪ። የሐረር ጅብ አጥንት የሚፈጭ ነው፣ ያንቺን ፕላስቲክ አይምርም። ቢገኝም ቆሻሻ ውስጥ ያደረውን እኔ አፌ አልከተውም። ጠረጴዛ ሥር የተገኘ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ እጠቢው። ስንጥቅ ካለው ተዪው። በፈላ ውሃ ልቀቅለው እንዳትዪ፣ ሙቀት ቅርጹን ያጠፋዋል።

በዚህ በኩል እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። የራሴ ጥርስ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ፣ ወደ ቦታው እንዳይመለስ ማታ ማታ የማደርገው ፕላስቲክ፣ ሪቴይነር፣ ነበረኝ። አንድ ሰኔ ሳቢያን ሰው ልጠይቅ ስሄድ የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ተውኩት። «መጣሁ» ብዬ ነው የወረድኩት። ሻይ መጣ፣ ወሬ መጣ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። የድሬን የሰኔ ፀሐይ ላንቺ አልነግርሽም። ስመለስ ጠርዙ እንደ ሳምቡሳ ተጠቅልሏል። ለሰው ሁሉ የምመክር ሰውዬ «ነገ አሠራለሁ» እያልኩ ሁለት ወር ፈጀሁ። ከታች አንዱ ጥርሴ ዞር አለ። ዛሬም ዞር እንዳለ ነው።

ካነሳን አይቀር፣ ከድሬና ከሐረር የሚጽፉልኝ ብዙዎቹ የማይናገሩት አንድ ነገር አለ፤ በርጫ። አላይነር በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መሆን አለበት። ለምግብና ለመቦረሽ ሁለት ሰዓት በዪ። ከሰዓት አራት ሰዓት ተቀምጦ የሚቅም ሰው 18 ሰዓት ቀረው ማለት ነው። አድርጎት ልቃም ካለ ደግሞ ቅጠሉ ሥሩ ይገባል፣ ስኳሩና ለስላሳው እዚያው ታፍኖ ጥርሱን ይበላል። ስለ ጫት ሌላው ይስበክ፣ እኔ የምለው የሰዓቱን ሒሳብ ነው። «ሳልጥለው፣ ሳልረሳው ጥርሴ አልሄደም» የሚሉኝ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ሒሳብ ላይ ነው የሚወድቁት።

የድሬ ውሃ ማፍያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት አላይነርሽ ላይም ካየሽ አትፈቅፍቂው። ብዙ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርጊና ሩብ ሰዓት ዘፍዝፊው፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቂው።

ኬዝ ሁለት ይኑርሽ፣ አንዱ ከቦርሳሽ የማይወጣ። ቀለሙ ቀይ ወይም ቢጫ ይሁን፣ ስልክ ቁጥርሽን ጻፊበት። ኬዝ ከሌለሽ ጡትሽ ውስጥም ቢሆን ክተቺው ትላለች አንዷ ታካሚዬ፣ ሶፍት ላይ ብቻ አይሁን!

እናትሽን ቶሎ ንገሪያት ብዬሽ ነበር። ማታውን የጻፍሽልኝን ግን አንባቢ ሳይሰማው አይቅር። 8 ገብቷል፣ ሐኪሙም 9 እስኪመጣ እዚያው ቆዪ ብሏል። እናትሽ ደግሞ ስትነግሪያት ዝም ብላ ቆይታ፣ «ጠረጴዛውን ሲያነሱ ያገዝኳቸው እኮ እኔ ነኝ» አለች።