የኦስካሩን ረዳት ተዋናይ ቀድሞ መገመት

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ እህቴ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። በየዓመቱ ኦስካር ሲደርስ ከጓደኞቼ ጋር እንወራረዳለን፤ የተሸነፈ ሳምቡሳና ጁስ ይጋብዛል። ምርጥ ፊልሙን ብዙ ጊዜ እናገኘዋለን። ረዳት ተዋናዩ ላይ ግን ሁሌ እንሸወዳለን። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ሱማሌ ነው፤ ባርካድ አብዲ በ2014 ሳያሸንፍ መቅረቱ እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም። አቦ፣ እጩዎቹ ሳይታወቁ በፊት ማን ማን እንደሚገባ፣ ከዚያም ማን እንደሚወስድ በምን እንወቅ?

መልስ፦ ጓደኛህ ቢናደድ አይፈረድበትም። ያንን ፊልም፣ ካፒቴን ፊሊፕስን፣ ያየሁት መጋላ ውስጥ ከሱማሌ ጎረቤቶቼ ጋር ነው። አብዲ በሱማሌኛ ሲናገር እነሱ ከስር የሚጻፈውን ትርጉም አይጠብቁም። እኔ አንብቤ ሳልጨርስ እነሱ ደንግጠው ተነስተዋል። ሰውየው ሞቃዲሾ ተወልዶ፣ የመን አድጎ፣ ሚኒያፖሊስ ላይ ሊሞዚን ሲነዳ የነበረ ነው። ፊልሙ የመጀመሪያው ነበር። ቶም ሃንክስ ፊት ቆሞ እንዲያ መጫወት ቀላል አይደለም። ሃንክስ ራሱ በዚያ ፊልም ለኦስካር አልታጨም፤ እሱ ግን ታጨ።

ውርርድ ስትገባ ግን "ለማን ይገባል" እና "ማን ይወስዳል" የሚሉትን ለየብቻ ያዛቸው። ያን ዓመት ጎልደን ግሎብንም፣ ሳግ የሚባለውን የአሜሪካ ስክሪን ተዋንያን ማኅበር ሽልማትም የወሰደው ጃሬድ ሌቶ ነው። አብዲ ያሸነፈው የእንግሊዞቹን ባፍታ ነው። እዚያ ደግሞ ሌቶ ከእጩዎቹ መሀል አልነበረም። በግሎብም በሳግም ሁለቱ አብረው ታጭተው የተጠራው ሌቶ ነበር። ኦስካሩም ያንኑ ደገመ። ጓደኛህ የአብዲ ደጋፊ ሆኖ ይቆይ፣ እኔም ነኝ። ሳምቡሳውን ግን በሌቶ ላይ ማስያዝ ነበረበት።

አንድ ነገር ብቻ የምትከታተል ከሆነ ሳግን (ከ2026 ጀምሮ ስሙ "አክተር አዋርድስ" ሆኗል) ተከታተል። ከ2017 እስከ 2025 በረዳት ተዋናይ ሳግን ያሸነፈ ሁሉ ኦስካሩንም ወስዷል፤ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው፤ ሥነ ሥርዓቱ የተካሄደበትን ነው የምጽፍልህ።) ማኸርሻላ አሊ ሁለት ጊዜ፣ ሳም ሮክዌል፣ ብራድ ፒት፣ ዳንኤል ካሉያ፣ ትሮይ ኮትሰር፣ ኪ ሁይ ኳን፣ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር፣ ኪራን ከልኪን። ይሄ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። በኦስካር አካዳሚ ውስጥ ትልቁ ክፍል የተዋንያኑ ነው፤ ሳግ ላይ የሚመርጡትም የሙያ ጓደኞቻቸው ናቸው። ግን እሱም ሞኝ ያደርግሃል። በ2016 ሳግን የወሰደው ኢድሪስ ኤልባ ለኦስካር ጭራሽ አልታጨም። ግሎቡን የወሰደው ስታሎን ነበር፤ ሰዉ ሁሉ እሱን ሲጠብቅ ባፍታን ያሸነፈው ማርክ ራይላንስ ወሰደው። ስለዚህ ሳግ ያሸነፈው ሰው ከኦስካር እጩዎች መሀል ከሌለ ዓይንህን ወደ ባፍታ አዙር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ፣ ማን ይታጫል ወደሚለው። እዚህ ላይ አመራረጡን ማወቅ ይጠቅምሃል። እጩዎቹን የሚመርጡት ተዋንያኑ ብቻ ናቸው። እስከ አምስት ስም በቅደም ተከተል ይጽፋሉ። ቆጠራው የሚጀምረው አንደኛ ተብለው ከተጻፉት ነው። ብዙ ሰው አራተኛ ላይ የሚያስቀምጠው ጥሩ ተዋናይ ሊወድቅ ይችላል። ጥቂት ሰዎች ግን ከልባቸው ወደውት አንደኛ ያሉት ይገባል። ለዚህ ነው ከአምስቱ አንዱ ብዙ ጊዜ ማንም ያልጠበቀው የሚሆነው። አራቱን ከግሎብ፣ ከሳግና ከባፍታ እጩዎች ውሰድ፤ አምስተኛውን ደግሞ ሰዎች "ይሄንን ሰው አይተሃል?" እያሉ በስሜት ከሚያወሩለት መሀል ፈልግ። አሸናፊው ሲመረጥ ግን መላው አካዳሚ ነው የሚመርጠው፤ ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ፣ ብዙ ያገኘ ይወስዳል።

ሌላም ልጨምርልህ። ብዙ ሰው መገመት የሚጀምረው መስከረም ላይ፣ ቬኒስና ቶሮንቶ ፌስቲቫል ሲደርሱ ነው። የ2022 እና የ2025 አሸናፊዎች ፊልሞች ግን መጀመሪያ የታዩት ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ፣ በዓመቱ መግቢያ ነው። የኪ ሁይ ኳን ፊልም መጋቢት ላይ ታየ፤ የዳውኒ ጁኒየሩ ኦፐንሃይመር ሐምሌ ላይ። አራቱም አሸናፊዎች መስከረም አልጠበቁም! ማስታወሻ ደብተርህን ከጥር ጀምረህ ክፈት።

"ከአንድ ፊልም ሁለት ሰው ከታጨ ድምፅ ይከፋፈላል" የሚለውን ወሬ ደግሞ ብዙ አትመን። ሮክዌል ከዉዲ ሃሬልሰን ጋር፣ ካሉያም ከላኪዝ ስታንፊልድ ጋር ከአንድ ፊልም ታጭተው ነው ያሸነፉት።

ጥያቄ፦ ከሳቢያን ነኝ። ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሸከመ ሰው እንዴት "ረዳት" ተብሎ ይሸለማል? ደንብ የለውም እንዴ?

መልስ፦ የደቂቃ ልክ የሚባል ደንብ የለውም። ስቱዲዮው ቅስቀሳውን በፈለገው ዘርፍ ያካሂዳል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የመራጮቹ ተዋንያን ነው። ላኪዝ ስታንፊልድን ስቱዲዮው በዋና ተዋናይነት ነበር ያቀረበው፤ መራጮቹ ረዳት ላይ አስቀመጡት። በ1945 ደግሞ ባሪ ፊትዝጄራልድ በአንድ ገጸ ባሕርይ በሁለቱም ዘርፍ ታጭቶ በረዳቱ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው በአንድ ሚና ሁለት ቦታ እንዳይታጭ ደንቡ ተቀየረ።

እኔን ይሄ ነገር ያሳዝነኛል። ከልኪን ድንቅ ነው፣ ግን ከፊልሙ ሁለት ዋና ሰዎች አንዱ ነው። ዋና ሰው እዚህ በገባ ቁጥር ሦስት ትዕይንት ብቻ ይዞ ልብህን ሰብሮ የሚሄደው ተዋናይ ቦታውን ያጣል። ዘርፉ በ1937 ሲጀመር የታሰበው ለእንዲህ ያለው ሰው ነበር። ግን ለውርርዱ ስትይ ይሄንንም አስቢበት፦ ሰፊ ሚና ይዞ በረዳት የሚቀርብ ሰው ትልቅ ዕድል አለው።

ጥያቄ፦ ከሐረር፣ ጀጎል። ትንሽ ደቂቃ ብቻ ታይቶ ያሸነፈ አለ? ሥነ ሥርዓቱስ በኛ ሰዓት ስንት ላይ ነው?

መልስ፦ አለ። በ1977 ቢያትሪስ ስትሬት ኔትወርክ በሚባለው ፊልም በረዳት ተዋናይት ያሸነፈችው አምስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ታይታ ነው። ባሏ ሌላ ሴት እንደያዘ ሲነግራት የምትሆነውን ካየህ ለምን እንደሆነ ይገባሃል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የተጀመረው በእኛ ከእሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ በ2024 ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በ2025 ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ብራድ ፒትም ከልኪንም የወሰዱት የምሽቱን የመጀመሪያ ሽልማት ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን ልክ በሚጀመርበት ላይ ሳይሆን ቀደም አድርገህ ሙላ።