ሐውልት በምሽት ይጎበኛል?

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። በሚቀጥለው ወር ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ ቀን ቀን ጊዜ ስለማይኖረን የስድስት ኪሎንና የአራት ኪሎን ሐውልቶች በምሽት ለማየት አስበናል። አንዱ ጓደኛችን ግን «በጨለማ ምን ይታያል?» እያለ ይከራከረናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሁለቱም ሐውልቶች አደባባይ ላይ የቆሙ ስለሆኑ በምሽት መሄዳችሁን የሚከለክል ነገር የለም። የጓደኛችሁ ጥያቄም ተገቢ ነው፤ በየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ዙሪያ የተቀረጹት ምስሎች በመንገድ መብራት ብቻ በቅጡ አይለዩም። ስለዚህ ከሥልጠናው እንደወጣችሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ ድረሱ። በዚያ ሰዓት ብርሃኑ በጎን ስለሚመጣ በነሐሱ ላይ የተቀረጹት ሰዎች ጎልተው ይታያሉ። እያንዳንዱን ገጽ ዞራችሁ ከተመለከታችሁ በኋላ ግን አትቸኩሉ፤ እዚያው ይምሽባችሁ።

ይህን የምንለው ምክንያት አለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በያኔው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ፋሺስቶች ሕዝቡን ለሦስት ቀናት ጨፍጭፈዋል፤ ሌሊቱንም ጎጆዎችን ከነነዋሪዎቻቸው አቃጥለዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 አድርሶታል። ያን ሌሊት እያሰቡ በዚያ አደባባይ ማምሸት፣ በእኛ እምነት፣ ቀን በጥድፊያ አይቶ ከማለፍ እጅግ ይበልጣል።

ከዚያ በአምስት ኪሎ በኩል ቁልቁል በእግር ውረዱ፤ መንገዱ አጭር ነው። የአራት ኪሎው ሐውልት ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበትን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ያስታውሳል። የጣሊያን ጦር ከተማዋን የያዘውም ከአምስት ዓመት በፊት በዚያው ዕለት ነበር። ከሐዘኑ ተነሥታችሁ ወደ ድሉ እንድትወርዱ በዚህ ቅደም ተከተል መሄዱን እንመርጣለን።

ከመነሣታችሁ በፊት አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ጦርነቱ ደሴን የደበደበው አዲስ አበባ ከመያዟ በፊት ነው፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ሳሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለዋል፣ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም አልተረፈም። በየቤታችሁ ያሉትን አያቶች ከወላጆቻቸው የሰሙትን ጠይቋቸው፤ ስድስት ኪሎ ስትደርሱም እየተቀባበላችሁ አውሩት። አራት ሆኖ የመሄድ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር የለውም፤ በሰማዕታት መታሰቢያ ፊት እየተሳሳቁና እየተቃለዱ መነሣት ግን ለሟቾቹም ለናንተም አይገባም። ጥበቃ ካለ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ በአራት ኪሎ አካባቢ ደግሞ ካሜራችሁን ወደ ቤተ መንግሥቱ አታዙሩ። የዓድዋ ድል መታሰቢያን ለምሽት አታስቡት፤ ሙዚየም ስለሆነ ሥልጠና በማይኖራችሁ ቀን በሥራ ሰዓቱ ሂዱ። ታክሲ ሳይጠፋም ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ወደ ማረፊያችሁ ተመለሱ።