10 ዓመት የሚያዝ የቅንጦት መኪና የቱ ነው? ጥያቄና መልስ ከአንድ መካኒክ ጋር

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ስጠግን 22 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እጄ ከግራሶ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ሰሞኑን ከዘመድም ከወዳጅም «ደህና መኪና ገዝቼ ልጆቼ ኮሌጅ እስኪገቡ ልይዘው ነው፣ የቱን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብያለሁ። ስለ ብድርና ስለ ወለድ ግን አትጠይቁኝ፤ አላውቅበትም። ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ወንድሜ፣ 20,000 ዶላር ገደማ አለኝ። በዚሁ ብር አንድ 2014 መርሴዲስ ኤስ 550 አይቻለሁ። ሌላው ምርጫዬ 2016 ሌክሰስ ኢኤስ 350 ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ መርሴዲሱ ላይ ቀርቷል።

መልስ፦ ልብህን አልወቅሰውም። ያ መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋ የማይሸነፍ ሰው የለም። ነገር ግን አዲስ ሲወጣ ከ90,000 ዶላር በላይ ይሸጥ እንደነበር አስብ። የመኪናው ዋጋ ወርዶ ወርዶ አንተ ኪስ ደረሰ፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን እዚያው ላይ ቀርቷል። አንተ የምትገዛው የ20,000 ዶላር መኪና ነው፤ የምትጠግነው ግን የ90,000 ዶላር መኪና ነው። ጋራዤ መጥተው ፊታቸው ከሚጠቁር ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ሳያስቡ የገዙ ናቸው።

ለምሳሌ ኤስ 550 የሚቆመው በብረት ሞላ ሳይሆን በአየር ላይ ነው። አየሩን የያዘው የጎማ ከረጢት በዕድሜ ይሰነጠቅና ቀስ እያለ ያስተነፍሳል። ኮምፕሬሰሩ የጎደለውን ልሙላ ብሎ ያለ ዕረፍት ሲሠራ እሱም ይቃጠላል። አንድ ቀን ጠዋት ስትወጣ መኪናህ እንደ ግመል በአንድ ጎኑ ተንበርክኮ ታገኘዋለህ። ይህ ብልሽት ሳይሆን የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ 10 ዓመት ከያዝከው አይቀርልህም።

ኢኤስ 350 የቶዮታ ካምሪና የአቫሎን ዘመድ ነው። 3.5 ሊትር ቪ6፣ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የሌለው፣ ታይሚንጉ (ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው) በሰንሰለት የሚሠራ፣ ተራ 87 ቤንዚን የሚጠጣ። ሲነዱት የተለየ ስሜት አይሰጥም፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ዜና እንደማየት ነው። ለ10 ዓመት ከሆነ ግን እሱን ውሰድ። መርሴዲሱን ካልገዛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ካልክ፣ ከመኪናው ዋጋ ሌላ ቢያንስ 6,000 ዶላር ለይተህ አስቀምጥና ግባበት። ያ ገንዘብ ከሌለህ መኪናው ውድ ሆኖብሃል ማለት ነው።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ጋሼ፣ ሰው ሁሉ «ሌክሰስ ኤልኤስ 430 ሞት አያውቅም» ይላል። ግን ዕድሜው ገፍቷል። ኤልኤስ 460 አይሻልም?

መልስ፦ ኤልኤስ 430 ከ2001 እስከ 2006 ሞዴል ድረስ ነው የተሠራው። 4.3 ሊትር ቪ8 ሞተሩ በ1989 ሌክሰስን ለዓለም ያስተዋወቀው የኤልኤስ 400 ሞተር ልጅ ነው፤ ስሙን በሥራው ያገኘ ሞተር። ግን የታይሚንግ ቺንጋ አለው፣ በየ90,000 ማይሉ መቀየር አለበት። ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ከዚያ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ ማለት ነው፣ ማውረድ ነው። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለህ ደረሰኙን ያሳይህ። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለህ ቁጠርና ከዋጋው ቀንስ። ሲቀየር የውኃ ፓምፑም አብሮ ይቀየር፤ የሚያዞረው ያው ቺንጋ ስለሆነ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ መክፈል ሞኝነት ነው።

ኤልኤስ 460 በ2007 ሞዴል መጣ። 4.6 ሊትር፣ በሰንሰለት፣ በዓለም የመጀመሪያው ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው። የ2007 እና የ2008 ሥሪቶች በቫልቭ ሞላ ምክንያት በ2010 ሪኮል ተደርገዋል፣ ማለትም ፋብሪካው በነፃ ሊጠግናቸው ጠርቷቸዋል፤ በሻንሲ ቁጥሩ መሠራቱን ማጣራት ነፃ ነው። የዚህ መኪና ወጪ ግን ከሞተሩ ይልቅ ከፊት እግሩ ነው የሚመጣው። በየጎኑ በርካታ ክንዶች አሉት፤ ቦኮላው (መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ) ሲያልቅ ቦኮላውን ለብቻ አይሸጡልህም፣ ክንዱን ሙሉውን ግዛ ነው የሚሉህ። ፍሬን ስትይዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ወይም ጉብታ ላይ ከፊት «ቋ» ካለ፣ ያ ሒሳብ ወዳንተ እየመጣ ነው። የፍሬኑን ግፊት የሚቆጣጠረው አክቹዌተርም ርካሽ ዕቃ አይደለም።

ዕድሜ ካስፈራህ 460 ውሰድ። ግን ከ2013 ወዲህ ያለውን፣ የአየር ሞላ የሌለውን፣ የፊት እግሩ የተሠራለትን ፈልግ። ከ2018 ጀምሮ የመጣው ኤልኤስ 500 ቪ8ቱን ትቶ ባለ ሁለት ተርቦ ቪ6 ይዟል። ከዚሁ የሞተር ቤተሰብ በቶዮታ ቱንድራና በሌክሰስ ኤልኤክስ 600 ላይ የተገጠመው፣ ፋብሪካ ውስጥ በቀረ የብረት ፍርፋሪ ምክንያት በ2024 ሪኮል ወጥቶበታል፤ 100,000 ያህል መኪና። ስለዚህ «ጃፓን ነው» ተብሎ ዓይን ጨፍኖ አይገዛም።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ጋሼ፣ ገና 29 ዓመቴ ነው፣ ሌክሰስ የአያት መኪና ነው። ቢኤምደብሊው ይዤ 10 ዓመት መቆየት አይቻልም?

መልስ፦ አያቶቹን ዕድሜ ይስጥልን። ይቻላል፣ ሞተሩን ከመረጥክ። ቢ58 የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር ተርቦ ሞተር ከ2016 ሞዴል ጀምሮ በ340አይ፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በኤክስ5 40አይ ላይ አለ። ጠንካራ ሞተር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። የምትሸሸው የመጀመሪያዎቹን ኤን63 ቪ8ዎች ነው። ተርቦዎቹ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ተቀብረው በዙሪያቸው ያለውን ጎማና ፕላስቲክ ሁሉ ያበስሉታል፣ ዘይትም ይበላሉ። ርካሽ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም።

በማንኛውም ቢኤምደብሊው ላይ ግን የማቀዝቀዣው ፕላስቲክና የዘይት ጓርኒሲዮኖች (ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽጉት) ከ80,000 ማይል በኋላ ይጠብቁሃል። ብዙዎቹ ራንፍላት፣ ማለትም ተንፍሶም ጥቂት መንገድ የሚሄድ ጎማ ስለሚጠቀሙ ትርፍ ጎማም የላቸውም፤ አንድ ቀን ምድረ በዳ ላይ ትዝ እልሃለሁ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ባለቤቴ ሬንጅ ሮቨር ካልሆነ አልገባም ብላለች።

መልስ፦ በሊዝ (በረጅም ኪራይ) ይዛችሁ ዋስትናው ሳያልቅ መልሱት። ትዳርህንም ገንዘብህንም ታተርፋለህ።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ ቀን ቀን ኤርፖርት ተሳፋሪ በማመላለስ ነው የምሠራው። የሌክሰስ ኢኤስ 300ኤች ሃይብሪድ ባትሪው ሲሞት ጉድ ይሠራሃል ይሉኛል።

መልስ፦ ባትሪውን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ሙቀት ነው፣ አንተ ደግሞ ያለኸው ምድጃው ውስጥ ነው። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር አካባቢ ባለች ትንሽ ወንፊት ነው። የተሳፋሪ ቦርሳ ወይም ጃኬት አይዘጋት፤ አቧራዋ በየጊዜው ይጽዳ። 10 ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው።

ቀሪው ነገር ለአንተ ይጠቅማል። ሞተሪኖ የለው፣ ዲናሞ የለው፤ ፍሬኑም በኤሌክትሪኩ ስለሚታገዝ ቶሎ አያልቅም። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ የባትሪው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው፣ ቀድሞ የሞላው። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ ካርፋክሱ (የመኪናው ታሪክ ሪፖርት) ንጹሕ ከሆነ መቼስ ምን ይፈተሻል?

መልስ፦ ካርፋክስ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ጎረቤት ጋራዥ በጥሬ ገንዘብ የተሠራ ግጭት እዚያ አይታይም።

እኔ ራሴ መካኒክ ሆኜ በ2011 ተሸውጃለሁ። የመኪናውን ስም አልጠራም። ሻጩ ቤት ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ነበር፤ «አሁን ሱቅ ደርሼ መጣሁ» አለኝ፣ አመንኩት። በማግስቱ ጠዋት ደጄ ላይ በብርድ ሳስነሣው የታይሚንግ ሰንሰለቱ እንደ ጸናጽል ተንሿሿ። ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል፤ ለዚያ ነው አሙቆ የጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ መኪና ለማየት ስሄድ ሰላም ሳልል እጄን ኮፈኑ ላይ አሳርፋለሁ። ሞቆ ካገኘሁት ነገ እመለሳለሁ ብዬ እሄዳለሁ።

ቀጥሎ ጎማዎቹን ተመልከት። 70,000 ዶላር የተገዛ መኪና ላይ አራት የተለያዩ ርካሽ ጎማዎች ካየህ፣ ባለቤቱ በሚታየው ከቆጠበ በማይታየው ዘይትማ እንዴት አድርጎ ይሆን ብለህ ጠይቅ። ሥሩንም እይ፤ መንገዱ በክረምት ጨው ከሚረጭበት ከሰሜን የመጣ መኪና ከላይ እያብረቀረቀ ከታች ዝጎ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ራስህ ካልቻልክ ለመካኒክ 200 ዶላር ክፈልና ከመፈረምህ በፊት መኪናውን አንሥቶ ይይልህ። ከገዙ በኋላ ይዞልኝ የሚመጣ ብዙ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ወንድሜ፣ እዚህ «አሜሪካን ስፔክ» የሚባል፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ሌክሰስ ኤልኤክስ 570፣ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ከተሠራው ከጂሲሲው በብዙ ይረክሳል። ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከእነዚያ ብዙዎቹ እኛ አገር ተጋጭተው ወይም ጎርፍ ገብቶባቸው ኢንሹራንስ የጣላቸው፣ በጨረታ ተሸጠው እናንተ ዘንድ የተጠገኑ ናቸው። የሻንሲ ቁጥሩን ላኪልኝና የአሜሪካ ታሪኩን ላውጣልሽ፤ የጨረታ ፎቶውም አንዳንዴ ይገኛል። ጎርፍ የገባበት ከሆነ ነፃ ቢሰጡሽም አትቀበዪ፤ ገመዱ ውስጥ ያለው ዝገት በሁለተኛው ዓመት ነው የሚናገረው። ጂሲሲው ለበረሃው ሙቀት ታስቦ የተሠራ ነው። ኤልኤክስ 570 ራሱ እስከ 2021 የተሠራ፣ 5.7 ሊትር ቪ8፣ አካሉ የላንድክሩዘር 200 ነው። ለረጅም ጊዜ ከሚያዙት የመጀመሪያ ተርታ ነው፤ ቤንዚኑን ከቻልሽው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ልጄ እዚያ አሜሪካ የሚነዳውን ሌክሰስ ጂኤክስ 460 ልላክልህ ይለኛል። ይምጣ ወይስ እዚሁ ያገለገለ ላንድክሩዘር ቪኤይት ልግዛ?

መልስ፦ ጋሼ፣ መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የግል መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ጉምሩክ ይጠየቅ፤ እኔ ብሆን አላስልክም። መኪናው ግን ግሩም ነው። ልጅዎ እዚሁ ይያዘው፣ እንዳይሸጠው ይምከሩልኝ።

ቪኤይቱን ከመረጡ እዚያው ያለው ጥቅም ትልቅ ነው፤ የሚያውቀው መካኒክ በየሰፈሩ አለ፣ ዕቃውም ይገኛል። ለረጅም ጊዜ የሚያዝ መኪና የሚመረጠው አንድም በዚህ ነው። 4.5 ሊትር ናፍጣው ተርቦ ስላለው የአዲስ አበባን ከፍታ እንደ ቤንዚኑ አይሰማውም። ነገር ግን የናፍጣ ጥራት ኢንጄክተሩን ይፈትናል፤ የናፍጣ ፊልትሮ በጊዜው ይቀየር፣ ኦሪጅናሉ ይሁን። ሥራ ላይ ዋለ፣ የድርጅት ነበር፣ ገጠር ተሠማርቷል የሚሉትን ታሪክ በደንብ ያጣሩ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ሻጩ የካምቢዮ ዘይት «ዕድሜ ልክ» ነው፣ አይቀየርም አለኝ።

መልስ፦ የማን ዕድሜ ልክ? ለቢኤምደብሊውና ለሌሎችም ካምቢዮ የሚሠራው ዜድኤፍ ራሱ በየ80,000 እስከ 120,000 ኪሎሜትር ይቀየር ይላል፤ በማይል ከ50,000 እስከ 75,000 ነው። እኔ በ60,000 እቀይራለሁ። የሞተር ዘይት ደግሞ በ5,000 ማይል፤ መኪናው 10,000 ቢልህም።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ)፦ ወንድሜ ይቅርታ፣ ትናንት ማታ መርሴዲሱን ገዛሁት።

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ! በል እንግዲህ፣ ዛሬ ማታ ስታቆመው ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ከፍታ በአራቱም በኩል በሜትር ለካና ጻፍ። ጠዋት ሳታስነሣው እንደገና ለካ። አንዱ ከወረደ ከረጢቱ ያስተነፍሳል ማለት ነው፤ ኮምፕሬሰሩን ሳያቃጥል እሱን እንቀይራለን። ቅዳሜ ጠዋት ይዘኸው ና፣ ቁጥሮቹንም አትርሳ። ሞተሩን ግን ሳታሞቀው ብትመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆንክ አይሆንም፣ ስለዚህ ዓርብ ማታውኑ አምጥተህ ጋራዤ አሳድረው።