ቀሚሱ ለምን ረዘመ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አጥንት መሳሳት ናቸው።

«ቡና አጥንት ያሳሳል ይባላል፤ ከአቦል እስከ በረካ እጠጣለሁ፣ ልተው?» (ከፒያሳ)

በልክ ከሆነ ይጠጡ፤ ለአጥንት የሚያሰጋው ሲጋራና ብዙ አልኮል ነው።

ከአዘዞ የጻፈች ልጅ ስለ እናቷ ተጨንቃለች። እናት 62 ዓመታቸው ነው፤ ጀርባቸው ጎብጧል፤ ክረምት ላይ ግቢ ውስጥ አዳልጧቸው የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ድኗል። ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴል ቆጠራ ታዞላቸው «ደምዎ ጤነኛ ነው» ተብለው ተመለሱ። በደም ሴል ምርመራ የአጥንት መሳሳት ይታወቃል ሲባል ሰምታ «የት ላሠራላቸው?» ትላለች።

እህቴ፣ ሲቢሲ የአጥንት ጥንካሬ አይለካም። ቀይና ነጭ የደም ሴሎችን፣ ፕላትሌትንና ሄሞግሎቢንን ነው የሚያሳየው። አጥንቱ እንደ ወንፊት የሳሳ ሰው ሲቢሲው ንጹህ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

የሰማሽው ግን መሠረት አለው። አጥንት ዕድሜ ልኩን ሲፈርስና ሲገነባ ይኖራል። አፍራሹ ሴል ኦስቲዮክላስት ይባላል፤ የሚመጣውም መቅኔ ውስጥ ተፈጥረው በደም ከሚዘዋወሩት ነጭ የደም ሴሎች፣ ከሞኖሳይቶች ወገን ነው። ተመራማሪዎች ከክንድ በተቀዳ ደም እነዚህን ሴሎች አይተው ማፍረሱ ምን ያህል እንደበረታ ለማወቅ የሚጥሩት ለዚህ ነው። ተስፋ አለው፤ ዛሬ ለእናትሽ የሚታዘዝ ምርመራ ግን አይደለም። በዚህ ስም ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካለ አትክፈይ።

መለኪያው ዴክሳ የሚባለው፣ የአጥንትን ጥግግት በኤክስሬይ የሚለካ መሣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መስፈርት ቲ-ስኮሩ (የአጥንቱ ጥግግት ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር ሲነጻጸር የሚወጣው ቁጥር) -2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ይባላል። ዴክሳ በቅርብ ካልተገኘ የጀርባ ኤክስሬይ የተጨፈለቀ አከርካሪ ሊያሳይ ይችላል።

የደም ምርመራ የሚጠቅመው አጥንቱ ለምን ሳሳ ለሚለው ጥያቄ ነው። ላቦራቶሪ በሠራሁባቸው ዓመታት የማልረሳው አንድ ስላይድ አለ። «ወገቤን» ብለው የመጡ እናት ደም ነበር። ቀይ ሴሎቹ ሞሰብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረዋል፤ ሄሞግሎቢናቸው ወርዷል፤ ኢኤስአራቸው (ቀይ ሴሎች በቱቦ ውስጥ ወደ ታች የሚዘቅጡበት ፍጥነት) ሰማይ ነክቷል። መልቲፕል ማይሎማ ነበር፣ አጥንት የሚበላ የመቅኔ ካንሰር። ካልሲየም ተሰጥቷቸው ወደ ቤት ቢሸኙ ኖሮ ማንም ባላወቀ ነበር። ስለዚህ ሲቢሲውን አልንቀውም። ከኢኤስአር፣ ከካልሲየም፣ ከፎስፌት፣ ከኩላሊትና ከታይሮይድ ምርመራ ጋር ተያይዞ ሲነበብ ብዙ ይናገራል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። አክስቴ ለጥምቀት ያሰፋችው ቀሚስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጫፉ መሬት ይጠርግ ጀመር። ሁለት ጊዜ አሳጠርንላት። ቀሚሱ አልረዘመም፤ አክስቴ ነበረች ያጠረችው። አከርካሪዋ ሲጨፈለቅ እኛ መርፌና ክር እንፈልግ ነበር፤ ሁላችንም «እርጅና ነው» አልን።

እናትሽን ዛሬ ግድግዳ አስደግፈሽ ቁመታቸውን ለኪ። ከወጣትነታቸው ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ቀንሶ ከሆነ ነገሩ እርጅና ብቻ አይደለም። ከቆሙበት ወድቀው አንጓቸው መሰበሩ ራሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር፤ አጥንቱ ሲጠገን ለምን ተሰበረ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዚህ ሳምንት የውስጥ ደዌ ወይም የአጥንት ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። ስብራቱን፣ የቁመታቸውን መቀነስና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ሳትጠየቂ ተናገሪ። «ደምዎ ጤነኛ ነው» ብለው ከመለሷችሁ «አጥንታቸውስ?» ብለሽ ጠይቂ።

«ይሄ የሴቶች በሽታ አይደለም እንዴ?» (ከማራኪ፣ ወንድ)

አይደለም። ሴቶች ሲያርጡ ኢስትሮጅን ስለሚቀንስ ይበዛባቸዋል እንጂ ወንድንም ይይዛል። እርስዎ ለአስም ፕሬድኒሶሎን ለወራት እንደሚወስዱ ጽፈውልኛል፤ ይህ መድኃኒት አጥንት ያሳሳል። በራስዎ እንዳያቋርጡት፣ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ሐኪምዎን ያማክሩ።

ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንድ ልጅ አባቱ ከመደብ ወድቀው መቆም እንዳቃታቸው፣ ወጌሻ ለአራት ቀን እንዳሻቸው፣ አንድ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ እንደዞረ ጽፏል። ቅባት ይቀየር ወይ ይላል።

አራት ቀን! ልጄ፣ ይህ የዳሌ ስብራት ምልክት ነው። ዳሌ አይታሽም። ወጌሻን አከብራለሁ፣ ይህ ግን የእሱ ሥራ አይደለም። አባትህ ተኝተው በቆዩ ቁጥር ሳንባቸው ሊታመም፣ ደማቸው ሊረጋ ይችላል። ማሸቱን አስቁም፤ እግራቸውን ሳታንቀሳቅስ በቃሬዛ ዛሬውኑ ሆስፒታል አድርሳቸው። ነገ አትበል።

«ለአጥንት መሳሳት አለንድሮኔት የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንዴ ታዞልኝ ማታ ስተኛ እውጠዋለሁ፤ ደረቴን ያቃጥለኛል።»

ማታ አይውሰዱት። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹህ ውኃ ይዋጡት፤ ሻይም ወተትም አይሆንም። ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሳይበሉና ጋደም ሳይሉ ይቆዩ። አሁን ማቃጠል ስለጀመረዎት ግን ቀጣዩን ፍሬ ሳይውጡ ላዘዘልዎት ሐኪም ይንገሩ።