የሞተውንም ቁጠሩ

የዓሣ ማራባት ሥራ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚያልፉት ሳፋ በማጠብ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንዳትቀየሙኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ቁጭ ባልኩበት አንዲት የባዮሎጂ ተመራቂ መጥታ ሰላም አለችኝ። «ጋሼ፣ ሊጠፉ የተቃረቡ ዓሣዎች የሚራቡበት ቦታ መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ላንብብ?» አለች። «መጀመሪያ በዚህ ክረምት ጣና የሚገባው መገጭ ወንዝ ውረጂ» አልኳት። የቀለድኩባት መስሏት ሳቀች። አልቀለድኩም። ግን ነገሩ በአንድ ማኪያቶ የሚያልቅ ስላልሆነ ቀሪውን እዚህ ልጻፈው። እንደ እሷ የሚያስብ ሌላም ልጅ አይጠፋም።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዓሣ ማራቢያ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ዩኒቨርሲቲ ድረስ ልከንህ ዓሣ አጥማጅ ሆነህ መጣህ?» ትለኝ ነበር። አጥማጅ ብሆን ኖሮ በገንዘብ ሳይሻለኝ አይቀርም።

እኛ ጎንደሬዎች ጣናን ለባሕር ዳር የሰጠነው ይመስለኛል። የጣና ዳሯ ጎርጎራ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት። ሐይቁ ውስጥ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ምግብ ቤት ሁሉም «ነጭ ዓሣ» ነው፣ ከተጠበሰ በኋላ ማን ይለየዋል? የኔዘርላንድ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ ናቸው በ1990ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አንድ በአንድ ለይተው ያሳዩን። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው። አንዱ ዓይኑ ያፈጣል። አንዱ አፉን ሲከፍት ጡጫ ያስገባል። አንደኛው በሳይንስ ስሙ ጎርጎሬንሲስ ይባላል፣ የጎርጎራው ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ጎርጓሪ ነው። በ1830ዎቹ ጎንደር የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው ለሳይንስ ያስመዘገበው። ስሙን ባየሁ ቁጥር «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት ትዝ ይለኛል።

ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ይህ የዓሣ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጨጓራም የለውም። እንዲህ ሆኖ አዳኝ መሆን ማለት በባዶ ድድ ጥሬ ሥጋ እንደ መቁረጥ ነው። ግን ሆኑ። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚከለክል ጣና ውስጥ ብቻቸውን ቀርተው ነው እንዲህ የተለያዩት። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበር። አሁን አብዛኞቹ የሉም። ከውጭ የገባ ዓሣና ያለ ልክ ማጥመድ ጨረሳቸው። «ከርፕ የሚባለውን የውጭ ዓሣ አምጥተን ጣና ውስጥ ብንጨምርስ?» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ላናኦን ጥሩለት።

የእኛዎቹስ? በ1986 የሞተር ጀልባና ሰፊ መረብ ሐይቁ ላይ ገባ። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ የነጭ ዓሣው መጠን በክብደት ሲለካ 75 በመቶ ያህል ቀነሰ። ነገሩ የመረቡ ብዛት ብቻ አይደለም። መረቡ የሚጣልበት ቦታና ጊዜም ነው። ቢያንስ 7ቱ ዝርያዎች እንቁላል የሚጥሉት ወንዝ ወጥተው ነው፤ መገጭ፣ ድርማ፣ ርብ፣ ጉማራ። ነሐሴ ላይ ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ጎርፉ እስኪመቻቸው ይጠብቃሉ። በዚያው ሰሞን ፍልሰታ ይገባል። ዓሣ ለጾም የሚገዛው ይበዛል፣ ዋጋው ይወጣል። መረቡም ወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። ሽቅብ ደግሞ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ውስጥ የሚበትን አለ። ብርብራው ትልቅ ትንሽ አይልም፣ ሁሉንም ያሰክራል።

ማራቢያው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አገራችን ውስጥ ያሉት ማራቢያዎች በአብዛኛው ቆሮሶና ከርፕ ነው የሚያፈሉት። ነጭ ዓሣ እንደዚያ አይገራም። እኔ የሠራሁበት ቦታ ትንሽ የሙከራ ማራቢያ ነበር። ጥቂት ገንዳ፣ አንድ ፓምፕ፣ አንድ ጀነሬተር።

ሥራው እንዲህ ነው። መስከረም ላይ፣ ሌሊት፣ ጉልበታችሁ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማችሁ እንስቷን ትይዛላችሁ። ሆዷ ለስለስ ካለ ደርሳለች። በፎጣ ታደርቋታላችሁ። ጠብታ ውኃ እንኳ እንዳይቀር። የወንዱ ዘር ውኃ ሲነካው ነው የሚነቃው፣ ከነቃ በኋላ የሚንቀሳቀሰው አንድ ደቂቃ አካባቢ ነው። ስለዚህ በደረቅ ሳፋ ላይ እንቁላሉን እንደ ላም ጡት ታልባላችሁ፣ የወንዱን ዘር ትጨምራላችሁ፣ በዶሮ ላባ ቀስ አድርጋችሁ ታማስላላችሁ። ውኃ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ላባው ለምን? ማንኪያ እንቁላሉን ይጎዳዋል። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፣ ከእኔ በፊት የነበረው የላብራቶሪ ሠራተኛ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የሞተው እንቁላል ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሕይወት ያለው ጥርት ያለ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ነጩን በወረንጦ ካልለቀማችሁት ጥጥ የመሰለ ፈንገስ ያበቅልና ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። ለቅማችሁ አትጣሉት። ቁጠሩት። ጻፉት። ስንት ነጭ፣ ከየትኛዋ እናት፣ ከየትኛው ወንዝ፣ በስንት ዲግሪ ውኃ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። መሙላት የእኔ ተራ ነበር፣ ረሳሁት። አየር የሚነፋው ፓምፕ ቆመ። ጠዋት ስገባ የሁለት ሳምንት ጫጩቶች በሙሉ ገንዳው ወለል ላይ ተነጥፈዋል። ዓመቱን ሙሉ የለፋንበት ነበር። ደብተሩን አወጣሁና «በፈንገስ በሽታ አለቁ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

በቀጣዩ ክረምት አንድ ወጣት ባልደረባ ተመደበልን። ጎበዝ ልጅ ነው፣ የመጀመሪያ ሥራው የድሮ ደብተሮችን ማንበብ ነበር። የእኔን መስመር አነበበና ውኃውን በጨው ማከም ጀመረ። መጠኑን ይቀያይራል፣ ይለካል፣ ያድራል። ያልነበረ በሽታ ሲያክም ከረመ። እኔ እያየሁ። ኅዳር ላይ አልቻልኩም፣ ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ዝም ብሎ ሄደና ደብተሩንና ቀይ እስክሪብቶ አመጣ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያርሙት» አለኝ። አረምኩት። መስመሩ አሁንም እዚያ አለ።

ሐሰት ለመጻፍ የሚገፋፋችሁ ስንፍና ብቻ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ «ዘንድሮ ስንት ጫጩት ለቀቃችሁ?» ይላል። ስንቱ ጎርምሶ ወንዙን ተመልሶ እንደወጣ ማንም አይጠይቅም። ከአንዲት ትልቅ እናት ብቻ ብዙ ሺህ ጫጩት ማውጣት ይቻላል፣ ለሪፖርት ያምራል። ግን ሁሉም ወንድማማች ናቸው። ሐይቁን በአንድ ቤት ልጆች ሞላችሁት ማለት ነው። ሌላም አለ። ዝርያዎቹ በጣም ስለሚቀራረቡ ካልተጠነቀቃችሁ የአንዱን እንቁላል በሌላው ዘር ታዳቅላላችሁ። ወንዝ ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን ቦታና ጊዜ ይመርጣል። ሳፋ ውስጥ እምቢ የሚል የለም።

በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ ዴቪልስ ሆል የሚባል ውኃ ያለበት ዋሻ አለ። እዚያ ብቻ የሚኖር ጣት የማታክል ዓሣ አለች። ጠላቂዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ገብተው ይቆጥራሉ። በ2013 የጸደይ ቆጠራ 35 ብቻ ቀርተው ነበር። 35 ብለው ጻፉ፣ ለዓለምም ነገሩ። ለእሷ ሲባል ዋሻውን የሚመስል ገንዳ ተሠርቶላታል። እኔ ገንዳውን አልቀናበትም። 35 ብሎ መጻፍ መቻሉን ነው የምቀናበት።

ገንዳ ወንዝን አይተካም፣ ይህን ስል ደግሞ ራሴን ነፃ አላወጣም። ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ይታፈናል። ጠጠሩና አሸዋው ተጭኖ ከሄደ ደግሞ የሚጥልበት የለም። እኔ አዘዞ ቤቴን ስሠራ ሲኖትራኩ መጥቶ ደጄ ላይ አሸዋ ገለበጠ። ከየት ነው ስለው «ከመገጭ ነዋ!» አለኝ ሹፌሩ። ያኔ በሥራው ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። ከፈልኩት፣ ግንበኛው አቦካው። ሳሎኔ ግድግዳ ውስጥ ነው ያለው።

ስለ መገጭ ግድብም ትጠይቁኝ ይሆናል። ጀሪካን ይዞ ለሚሰለፍ ከተማ «ግድብ አይሠራ» አልልም። እኔም ጀሪካን አለኝ። በነሐሴ ለዓሣው የሚለቀቀው ውኃ ስንት ነው የሚለውን ግን እናንተ ተሰብሳቢ በምትሆኑበት ስብሰባ ላይ አንሡት። ቁጥር ይዛችሁ።

እምቦጭ የሚባለው መጤ አረምም በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚሁ በእኛ በኩል፣ መገጭ አፍ አካባቢ ነው። ስንት ወጣት ደረቱ ድረስ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከረመ። ከእነዚያ ልጆች ግማሹ ደብተር ይዞ ቢሆን ዛሬ ብዙ ነገር እናውቅ ነበር።

አጥማጆቹን አትናቁ። ጣና ዳር ደልጊ በኩል የማውቃቸው አንድ አባት በጨለማ ታንኳ ላይ ሆነው ዓሣውን ዳሰው ብቻ የትኛው እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር። የላቲን ስሙን አያውቁም። እኔ ባትሪ አብርቼ እሳቸው ያሉትን አረጋግጣለሁ። ሁለት ጊዜ ተከራክሬያቸው ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፌያለሁ።

ተመራቂዋ ትናንት ደወለች። ቅዳሜ ልትወርድ ነው። እርሳስ እንድትይዝ ነገርኳት፣ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። ቦቲ ጫማ አላት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የላትም። የእኔ ይሰፋታል፣ ግን በሁለት ካልሲ ይሆናል።